የማኅበር መዝገብ በማን እጅ ይደር?

በውጭ አገር የተቋቋመ ዕድር ወይም የማኅበረሰብ ማዕከል መዝገቡን ብዙውን ጊዜ የሚያኖረው በአንድ በጎ ፈቃደኛ ጸሐፊ ላፕቶፕ ወይም የግል ኢሜይል ውስጥ ነው። ጸሐፊው ከኃላፊነቱ ሲነሣ ወይም ላፕቶፑ ሲሰረቅ የመዋጮው ሒሳብ፣ የሟች ቤተሰብ መብት የሚረጋገጥበት ማስረጃ፣ አልፎ ተርፎም ጥገኝነት ጠያቂው በአደራ የሰጠው ሰነድ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የኔትወርክ ማከማቻ መሣሪያ መምረጥ ለቴክኒክ ዐዋቂ ብቻ የሚተው ግዢ ሳይሆን የሥራ አመራር ኮሚቴ ውሳኔ ሊሆን ይገባል።

መሣሪያው ከራውተር ጋር የሚገናኝ፣ ሃርድ ዲስኮችን የያዘ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ የይለፍ ቃልና የተወሰነ ፈቃድ ለመስጠት ያስችላል። ለአነስተኛ ማኅበር ሁለት ዲስክ የሚይዘው ይበቃል። ዲስኮቹ «ሬይድ 1» በተባለው አሠራር ሲደራጁ አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሆናል፤ በመሆኑም ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች የሚሰጡት ቦታ 8 ሳይሆን 4 ቴራባይት ነው። በጀት ሲያዝ ይህ አስቀድሞ ሊሰላ ይገባል።

ይሁን እንጂ ግልባጭ ምትኬ አይደለም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይሰረዛል፤ እሳትና ሌባም ሁለቱን አይለዩም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ የዌስተርን ዲጂታል «ማይ ቡክ ላይቭ» መሣሪያዎች ከርቀት በተፈጸመ ጥቃት ተደምስሰው ብዙዎች የዓመታት ፋይላቸውን አጥተዋል። ለመሣሪያዎቹ የሚሰጠው ማሻሻያ በ2015 ተቋርጦ ነበር። በጥር 2022 ደግሞ «ዴድቦልት» የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም የኪውናፕ መሣሪያዎችን ቆልፎ ከየባለቤቶቹ 0.03 ቢትኮይን ጠይቋል። እንግዲህ ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጥ ነው። መሣሪያውንም በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ አይገባም።

ክላውድ ቀላል ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ወርኃዊ ክፍያው ሲቋረጥ ግን መዝገቡም አደጋ ላይ ይወድቃል። የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ከሕንፃው የሚወጣው ቅጂ መመስጠር አለበት።

በአውሮፓ ጉዳዩ ሕጋዊ ግዴታም ነው። ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሃይማኖትና የፖለቲካ አቋም መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ይጠብቃል፤ በሰዎች መብት ላይ ሥጋት የሚያስከትል የመረጃ ጥሰት ሲደርስ ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲገለጽ ያዛል። የማኅበሩ ትንሽነት ከዚህ ነጻ አያወጣውም።

ስለሆነም ማኅበራት የመዝገብ አያያዝን በመተዳደሪያ ደንባቸው ሊያሰፍሩ፣ የአስተዳዳሪነቱን የይለፍ ቃል ቢያንስ ለሁለት ኃላፊዎች ሊሰጡ፣ በዓመት ሁለት ጊዜም ከምትኬው ፋይል መልሰው በማውጣት ሊፈትኑ ይገባል። ያልተፈተነ ምትኬ በችግር ቀን የሚያስተማምን አይደለም።