የቤንዚን ዋጋና የሰፈራችን ድርሻ



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን የተያዘው አጀንዳ የቦይ ጠረጋ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ቤንዚን ስንጨቃጨቅ መሸብን። እናቶች "የባጃጅ ሒሳብ ከአቅማችን በላይ ሆነ" አሉ። ባጃጅ የሚነዱ ልጆቻችን ደግሞ "ቤንዚኑን በስንት እንደምንገዛው መች ጠየቃችሁን?" ብለው ተቆጡ። አንዱ "ሌቦቹ ማደያዎቹ ናቸው" አለ፤ ሌላው "የለም፣ የውጭ ኩባንያዎች ናቸው" አለ። አንድ ወጣትም ተነሥቶ "ነዳጅ ከሸንኮራ ይወጣል ይባላል፤ ታዲያ ለምን አይወጣም?" ሲል ጠየቀ። መልስ ሳይገኝ ወደየቤታችን ገባን። ቦዩም እስከ ዛሬ አልተጠረገም።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ብሆንም ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ቢሆንም ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ጋዜጣ እያነበብኩና የሚያውቁ ሰዎችን እየጠየቅሁ ያገኘሁትን እዚህ ሰሌዳ ላይ ላስቀምጥላችሁ ወደድኩ። የጌዴኦ አባቶች ሶንጎ ላይ ሲቀመጡ ሁሉንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም። እኛም እንደዚያው ብናደርግ ይሻላል።

በመጀመሪያ፣ ዋጋው ከየት ይመጣል? ቀድሞ በአሰብ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ የነዳጅ ማጣሪያ ነበረን፤ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ሠርቶ በ1989 ዓ.ም. ቆመ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ለአዲስ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል፤ እሱ ሠርቶ እስኪያሳየን ድረስ ግን የተጣራውን በዶላር እየገዛን በጅቡቲ በኩል በቦቴ እናስገባለን። ያ ቦቴ ከወደብ ተነሥቶ ዲላ እስኪደርስ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ቦቴውም ራሱ ናፍጣ ጠጪ ነው።

በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ጀምሮ መንግሥት ድጎማውን በየጊዜው እየቀነሰ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን ያው ሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል።

የኩባንያዎቹስ ትርፍ? እዚህ ላይ "የውጭ ኩባንያዎች ናቸው" ያለው ወንድማችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ገጥመው የዓለም ዋጋ በወጣበት ዓመት፣ ኤክሶን ሞቢል የሚባለው ኩባንያ ወደ 56 ቢሊዮን ዶላር፣ ሼል ደግሞ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር አትርፈዋል። ትልልቆቻችን የሼልንና የሞቢልን ማደያ ያስታውሳሉ። የእኛ ገበሬ እሸት ቡናውን ሲሸጥ፣ የመፈልፈያው ሞተር የሚጠጣው ናፍጣና የመኪናው ኪራይ በተዘዋዋሪ ከእሱ ዋጋ ላይ ነው የሚነሣው። እነሱ ደግሞ ሰው በተቸገረበት ዓመት ነው የከበሩት። ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

የአገር ውስጥ ማደያ ግን ሌላ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ማደያው በሊትር የምትደርሰውም የተወሰነች ነገር ናት። በተለጠፈው ዋጋ የሚሸጥ ማደያ በዚያች አይከብርም። ገንዘቡ ያለው በጓሮ በር በሚወጣው ላይ ነው። ስለዚህ "ማደያዎች ሁሉ ሌቦች" ከማለት፣ በጀሪካን ማን ያወጣል፣ ማንስ ይገዛል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እዚህ ጥያቄ ላይ በኋላ እመለስበታለሁ፤ መልሱ እኛንም ስለሚነካ።

አሁን ወደ ሸንኮራው እንምጣ። ወጣቱ የጠየቀው ነገር ውሸት አይደለም። ስኳር ፋብሪካ ስኳሩን ካወጣ በኋላ ሞላሰስ የሚባል ጥቁር ወፍራም ዝቃጭ ይተርፈዋል። እሱ ይቦካና ይነጠራል፤ ነገሩ እናቶቻችን አረቄ እንደሚያወጡት ዓይነት ነው። የሚወጣው ኢታኖል ይባላል፤ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ መኪና ይነዳል። ብራዚሎች ይህንን ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው ይዘውት ዛሬ ከቤንዚናቸው ውስጥ ከሩብ በላይ ኢታኖል ነው። በአገራችንም በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በተገኘ ኢታኖል ከመቶ አምስት እጅ መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ አሥር እጅ ከፍ አለ። መተሐራም ማምረት ጀምሮ ነበር። ነገር ግን የሚመረተው ጥቂት ስለነበር ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ እንጂ ለእኛ አልተረፈም።

እስቲ ደግሞ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አሥር እጅ ኢታኖል ቢገባ፣ ኢታኖሉ በነጻ ቢሰጥ እንኳን፣ ከመቶ አንድ ብሩ ላይ የሚቀንሰው አሥር ብር ገደማ ነው። በነጻ ደግሞ አይሰጥም። ጉልበቱም ከቤንዚን በሲሶ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ያው መንገድ ትንሽ ጨመር ያለ ሊትር ይፈልጋል። ለአገር ዶላር ያድናል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ቢስፋፋም ደስ ይለናል። "እኛስ እዚህ ሸንኮራ ብንተክል?" ለሚለው ግን መልሴ አይሆንም ነው። የጌዴኦ መሬት ጠባብ ነው፤ ሕዝቡ ብዙ ነው። እንሰቱ፣ ቡናውና ዛፉ ተደጋግፈው በቆሙበት ማሳ ላይ ለመኪና የሚሆን ተክል ማስገባት የልጆችን ቆጮ ለባጃጅ ማጉረስ ነው። ከሞተር ሆድ ይቀድማል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የባሕር ማዶውን ዋጋ ከዚህ ሰፈር ሆነን መቀነስ አንችልም። ዝም በሉ ማለቴ ግን አይደለም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ መንግሥት በቀናት ውስጥ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ተገዷል። የሕዝብ ድምፅ ይሰማል። ነገር ግን ከማደያው እስከ ደጃችን ባለው መንገድ ላይ የሚጨመር ሌላ ዋጋ አለ። እሱን የምንጨምረው እኛው ነን።

እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። በዚህ ክረምት አንድ ሌሊት የጎረቤቴ ባለቤት ምጥ ያዛት። ባጃጅ ነጂውን ቀሰቀስነው፤ "ጋሼ፣ ታንከሩ ባዶ ነው፤ ቀን ሙሉ ተሰልፌ ሳይደርሰኝ ገባሁ" አለኝ። ምን ላድርግ? ቤንዚን በሃይላንድ የሚሸጥበትን ቤት አንኳኳሁና ሁለት ሊትር በማደያው ዋጋ እጥፍ ገዛሁ። እናትየዋም እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን ያን ሌሊት ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። ጀሪካኖቹ የተደረደሩት ሦስት ልጆች በተኙበት አልጋ ሥር ነው። ከአልጋው ሁለት እርምጃ ርቆ የቡናው ከሰል ገና አልከሰመም ነበር።

ሻጩ የእኛው ልጅ ነው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳ የሚሸከም ልጅ ነው። ሥራ አጥቶ የገባበት ነው፤ እሱን ሌባ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ነገር ግን ልጆቹ የተኙት እሳት ላይ ነው። ቤቶቻችን ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ከተነሣ ሁላችንም ነን። ቤንዚኑም አንዳንዴ ነጭ ጋዝ ስለሚደባለቅበት የባጃጁን ሞተር ይጨርሳል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅም ከማደያ ውጭ መቸርቸርን በከባድ ቅጣት ይከለክላል። እሱ ሲሸጥ እኛ እንገዛለን፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጋራ ነው፣ መፍትሔውም የጋራ መሆን አለበት።

በመሆኑም ለእሑዱ ስብሰባ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሰው ከሚተኛበት ቤት ውስጥ ያለ ቤንዚን ሁሉ በዚህ ሳምንት ይውጣ። በዚህ ንግድ ላይ ያሉ ልጆቻችንን ኮሚቴው ከማስፈራራት ይልቅ ጠርቶ ያነጋግር፤ ማኅበሩ ካለው ተቀማጭ ለሌላ ሥራ መነሻ የሚሆን ብድር መስጠት ይቻል እንደሆነ ይጠና።

2ኛ/ ባጃጅ ነጂዎች በየሌሊቱ ሁለት ሁለት ሆነው በተራ ይጠብቁ፤ ታንከራቸው ለታመመና ለወላድ ተብሎ ሞልቶ ይደር። ወጪውን ሁላችንም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እናዋጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

3ኛ/ የማደያው ዋጋና የከተማው የባጃጅ ታሪፍ እዚህ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይለጠፉ። የማደያው ሳይለወጥ ሒሳብ የሚጨምር ነጂ ይጠየቅ፤ የማደያው ሲጨምርና ታሪፉ ሲሻሻል ደግሞ እኛም ሳናጉረመርም እንክፈል።

4ኛ/ ቦቴ የገባበት ቀንና የገባው መጠን ለሕዝብ በግልጽ እንዲነገር፣ በሰልፉም ላይ የነዋሪ ተወካይ እንዲገኝ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት በማኅበሩ ማኅተም እንጻፍ።

ይህ የእኔ አሳብ ነው፤ የተሻለ ያለው ያምጣ። የሚቃወምም ይምጣና ፊት ለፊት ይናገር፤ በየደጃፉ ማማት ግን ይቅር። እሑድ ከቀኑ በ8 ሰዓት በተለመደው ቦታ እንገናኝ። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቦዩ አሁንም እየጠበቀን ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ዲላ