አጥርና በር

ልጆች ሆይ፤ አትክልተኛ ተክሉን ከብት እንዳይበላበት ያጥራል፤ ውሃ የሚገባበትን ቦይ ግን አይደፍንም። ትምህርት ቤት በኢንተርኔት ላይ የሚያደርገው አጥርም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።

በአሜሪካ አገር በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ሕግ፥ ለኢንተርኔት የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ትምህርት ቤት ልጆችን የሚጎዳ ነውረኛ ሥዕል እንዲከለክል ያዝዛል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሚከለክለው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ቃሉን ያያል እንጂ ትርጓሜውን አያስተውልም፤ ስለዚህ ስለ ጡት ነቀርሳ የሚያስተምረውን ገጽ እንደ ነውር ቈጥሮ የዘጋበት ጊዜ አለ።

በዚያው አገር ቀድሞ በ1965 ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ስለ ሞቱት አዝነው፥ በክንዳቸው ጥቁር ጨርቅ አስረው ቢመጡ ከትምህርት ታገዱ። በ1969 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፥ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ አሳቡን የመግለጽ መብቱ አይቀርበትም ብሎ ፈረደላቸው። አሳቡን በሚገባ ለመግለጽ የሚሻም አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ክፉውን መከልከል የመምህር ግዴታ ነው፤ አሳብን ማፈን ግን ሥልጣኑ አይደለም። መልካም ገጽ የተዘጋበት ተማሪ በትሕትና ይጠይቅ፤ መምህሩም መርምሮ ይክፈትለት፤ ባይከፍትለትም ምክንያቱን ይንገረው። በር የሌለው አጥር ወህኒ ቤት ነውና።