ለማያይ ልጅ እጁን እናስተምርለት

በአገራችን ልማድ አንድ ልጅ የዓይኑን ብርሃን ሲያጣ ወላጆቹ ተስፋቸውን የሚጥሉት በጆሮው ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በድጓ ምስክርነት ከታወቀችው ከቤተልሔም፣ በዝማሬ መዋሥዕት ምስክርነት ከታወቀችው ከዙር አምባ ጀምሮ፣ በደቡብ ጎንደር ደጋ ያሉት ጉባኤ ቤቶች ትምህርቱን ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲያስተላልፉ የኖሩ ናቸውና፣ የማያይ ልጅም ከሚያየው እኩል፣ አንዳንድ ጊዜም አልፎ ይማርባቸዋል።

እኛም በልጅነታችን ዜማ በተማርንበት ጉባኤ ዓይነ ስውር ባልንጀራ ነበረን። እኛ መጽሐፍ ዘርግተን የምንስተውን እርሱ በቃሉ ያርመን ነበር። ዕድሜው 16 በኾነበት ዓመት ግን አንድ ቀን ስለ መላእክት ክንፍ የሚናገረውን ዜማ ከዘለቀ በኋላ «ለመኾኑ ክንፍ ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀን። «እንደ ዶሮ ነዋ!» ብለን ሳቅን። እርሱ ግን ዶሮን በጩኸቷ እንጂ በአካሏ አያውቃትም ነበር። ወዲያው አንዲት ዶሮ ይዘን ክንፏን በእጁ ላይ ብንዘረጋለት፣ ላባውን ከሥሩ እስከ ጫፉ እየዳበሰ ብዙ ዝም አለና «ይህን ያህል ይዘረጋል?» አለ። ሳቃችንም በዚያው ቆመ። ጆሮው የሊቅ ጆሮ ነበር፤ እጁ ግን ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር።

ይህ የኾነው ወላጆቹ ስለ ጠሉት አይደለም፤ እጅግ ስለ ሳሱለት ነው እንጂ። እሳት እንዳይነካው፣ ገደል እንዳይገባ ብለው ከመደብ ላይ አስቀምጠው፣ በእጃቸው እያጐረሱ አሳደጉት። በሌላም ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ የሚያስገቡ አሉ። ነገር ግን ጌታችን ዕውር ኾኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፣ ነገሩን በእርሱም በወላጆቹም ኀጢአት እንዳላመካኘው የዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ይነግረናልና፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

እኛ ራሳችን መምህር ከኾንን በኋላ ያንኑ ስሕተት ደገምነው። አንድ ዓይነ ስውር ልጅ በ10 ዓመቱ ሲመጣልን «እየሰማ ይማር» ብለን ከግድግዳው አጠገብ አስቀመጥነው። ከዓመት በኋላ የብሬል ወረቀት ቢቀርብለት ጣቱ ነጥብን ከነጥብ መለየት አቃተው። አተርን ከሽምብራ ለይቶ የማያውቅ ጣት የወረቀት ነጥብ ከየት ይለያል? ያ ዓመት የባከነው በእኛ ጥፋት ነው።

የዚህን ጽሕፈት ፈልሳፊ ሉዊ ብሬልን ማስታወስ ይገባናል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1809 በፈረንሳይ አገር፣ ኩቭሬ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከኮርቻና ከልጓም ሠሪ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ተላልፎ ሁለቱም ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1824፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ከስድስት ነጥቦች 63 ምልክት የሚወጣበትን ጽሕፈት አዘጋጀ። ነጥቦቹም ወስፌ በሚመስል መሣሪያ ወረቀት ላይ ይወጋሉ። ዛሬ የአማርኛም ፊደል በዚሁ መንገድ በጣት ይነበባል። ይሁን እንጂ ጣት የሚለማመደው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ብቻ ሳይኾን፣ አስቀድሞ በእናቱ ምድጃ ዳር ነው።

ለዚህም ከከተማ የሚገዛ መጫወቻ አያሻም። በቅድሚያ የእንቆቅልሽ ስልቻ አዘጋጁ። በውስጡ ማንኪያ፣ የበግ ጠጉር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ እንዝርት፣ ቁልፍ ጨምሩ። ማታ ልጆቹ ሲሰበሰቡ አንዱ «እንቆቅልሽ» ይበል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ እጁን ያግባ። ዳብሶ ያወቀ ያሸንፋል፤ ያላወቀ እንደ ደንቡ አገር ይስጥ። የሚያዩት ወንድምና እኅቶች ስልቻውን ከፍተው ሳያዩ ይጫወታሉና፣ በዚህ ጨዋታ ሁሉም እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አገር የሚቀበለው የማያየው ልጅ ይኾናል።

ሁለተኛው የእህል ለቀማ ነው። ባቄላና ሽምብራ፣ ስንዴና ገብስ በሰፌድ ላይ ተቀላቅሎ ይቅረብለትና ይለይ። ጤፍ እንደ ውኃ ከጣት መካከል ሲፈስ፣ ተልባ ሲያዳልጥ፣ ገብስ ሲሻክር ይወቅ። ይህን ስንመክር አንዲት አያት «የኔታ፣ በእህል ይጫወታል እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉን። እኛም «እመይቴ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ምስር ሲለቅሙ ነውር ነበረን? የለቀመውን አጥበው ለወጥ ያድርጉት» አልናቸው። በዚያ ሰሞን ስንመለስ ልጁ የእራቱን ምስር ራሱ እንደ ለቀመ በኩራት ነገረን።

ሦስተኛው ገበጣ ነው። ጉድጓዱን መዳበስ፣ ጠጠሩን መቍጠር፣ ተራን መጠበቅ ለጣትም ለልቡናም ትምህርት ነው። ዕድሜው ለንባብ ሲደርስ ደግሞ በእርጥብ ጭቃ ላይ ሦስት ሦስት ኾነው በሁለት ረድፍ የቆሙ ስድስት ጉድጓዶች አበጅተው ያድርቁት። ባቄላ በአንዱ ወይም በሌላው ጉድጓድ ሲቀመጥ፣ ልጁ የብሬልን አቀማመጥ ብሬል መኾኑን ሳያውቅ ይለምዳል።

ነገርንም ከመነሻው እስከ መድረሻው አሳዩት። ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ፣ ባዘቶው፣ ፈትሉ፣ በመጨረሻም የለበሰው ጋቢ በተራ ከእጁ ይግቡ፤ ያለዚያ ጋቢ ከየት እንደ መጣ አያውቅም። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲመጣም ሙልሙሉን ራሱ ያድቦልብል፣ ጅራፉን ከወንድሞቹ ጋር ይግመድ። ከተማችን በስሙ የምትጠራበት በዓል ሲከበር፣ ከሆያ ሆዬ ጭፍራ ተለይቶ ከመደብ ላይ የሚቀር ልጅ አይኑር።

ስለ አያያዙ ጥቂት እንጨምር። እጁን ጨብጣችሁ ወደ ነገሩ አትጎትቱት፤ ይህ የሚያየውን ልጅ አንገቱን ይዞ እንደ መጠምዘዝ ነው። እጃችሁን ከእጁ በታች አድርጉና እርሱ ሲፈቅድ ተከትሏችሁ ይዳብስ። የሚነካውን ሁሉ በስሙ ጥሩለት። ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጥቃቅን ፍሬ አትስጡ፤ ጉሮሮውን ያንቀዋል። በርበሬና ጥሬ ግብጦ አይቅረቡት፤ የመጀመሪያው ዓይን ያቃጥላል፣ ሁለተኛው መርዝነት አለው።

ደግሞም ዓይኑ የደከመ ሁሉ ፈጽሞ አያይም ማለት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ግን እይታቸው የደከመ መኾኑን አመልክቷል። ጥቂት ለሚያይ ልጅ ነጭ ባቄላ በጥቁር ቁርበት ላይ ቢቀርብለት እጅና ዓይኑ ይረዳዳሉ። የልጅ ዓይን ሞራም በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነውና፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሱት።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የት ያደርሳል ብትሉን፣ ከጎረቤታችን ከአማራ ሳይንት የተወለደችውን የትነበርሽ ንጉሤን አስታውሱ። በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ብታጣም ሕግ ተምራ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ዛሬ ማታ ስልቻውን አዘጋጁ፤ ነገም ዶሮዋን ያዙለት። ባልንጀራችን ክንፍን ያወቀው በ16 ዓመቱ ነበር፤ የእናንተ ልጅ ግን በሦስት ዓመቱ ይወቀው።