የቆሰበር ቡናማ አፈር የሚናገረውና የሚደብቀው

አንድ ገበሬ መሬት በእኩል ለማረስ ሲያስብ በቅድሚያ የሚመለከተው የአፈሩን ቀለም ነው። ጥቁሩ ውሃ ይቋጥራል፣ ቀዩ ውሃ ያሳልፋል፣ የነጣው ደክሟል ይላል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ዕውቀት መሠረት ያለው ነው። ይሁን እንጂ እንጅባራ በሚለው ስሟም በምትታወቀው በቆሰበር ዙሪያ ባሉት ቀያይና ቡናማ ማሳዎች፣ ቀለም ብቻውን የማይመልሰው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ።

ለአፈር ቀለም የሚሰጡት በዋነኛነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ብረት ነው። ውሃ በማይተኛበት መሬት ብረቱ አየር አግኝቶ ስለሚዝግ አፈሩ ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ግን አየር ስለሚጠፋ አፈሩ ግራጫ ይሆናል፤ የዝገት ነጠብጣብም ይታይበታል። ሁለተኛው የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና ፍግ ሲሆን አፈሩን ያጠቁረዋል። ስለሆነም ማሳው ሲቆፈር ላዩ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሥሩ ቀላ ያለ ከሆነ ለም ሽፋኑ አልተነካም ማለት ነው። ላዩም እንደ ሥሩ ከቀላ ግን ሽፋኑን ጎርፍ ሳይወስደው አልቀረም።

ቀለሙ የሚደብቀው የአፈሩን ኮምጣጣነት ወይም አሲዳማነት ነው። ቆሰበር ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ነው። ለብዙ ዘመን የወረደው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዝየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ወደ ታች ወስዷቸዋል። በየዓመቱ አጭዶ ገለባውን ጭምር ከማሳ ማንሳትም ጉዳቱን ያባብሳል። የአሲዳማነት መለኪያው ፒ ኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም የተባለው ንጥረ ነገር እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል። ከማዳበሪያው የሚገኘውን ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ ተክሉ አያገኘውም። በዚህም ምክንያት ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ገብሱም ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል።

ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በልዩ ልዩ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። በአዊ ገበሬው ኮምጣጣነትን የሚችሉትን እንግዶንና ድንችን በመዝራት፣ ወይም ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ከጤፍ ጋር በመትከልና ከዓመታት በኋላ ከሰል አድርጎ በመሸጥ መፍትሔ ሲፈልግ ቆይቷል። ይህ ብልሃት ገቢ ያስገኛል። ነገር ግን ገብስ የሚያበቅል ማሳ ሁሉ በዛፍ ከተሸፈነ የቤተሰቡ እህል ከገበያ የሚሸመት ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ማስመርመር ነው። ከአንድ ማሳ ከተለያዩ ስፍራዎች፣ ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት አፈር ተወስዶና ተደባልቆ ለግብርና ባለሙያ ይሰጣል። የፍግ ክምር ከነበረበትና ከመንገድ ዳር መውሰድ ውጤቱን ያሳስታል። አሲዳማነቱ ከተረጋገጠ በልኬቱ መሠረት የግብርና ኖራ ከዘር በፊት በማሳው ላይ እኩል ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መደባለቅ ይኖርበታል። ኖራ ግን ማዳበሪያን አይተካም፤ ማዳበሪያው እንዲሠራ መንገድ ይከፍትለታል እንጂ። ፍግና ኮምፖስትም ያግዙታል።

ኖራ በሄክታር በርካታ ኩንታል ስለሚያስፈልግ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ለሚያርስ ገበሬ ማጓጓዣው ከዋጋው ባልተናነሰ ይከብደዋል። ምክር ብቻውን ማሳ አያድንም፤ ምርመራውና ኖራው ዘር ከመዘራቱ በፊት በየቀበሌው መድረስ ይገባቸዋል። ገበሬው ቀለሙን ማንበብ ያውቃል። የጎደለው ቀለሙ የማይናገረውን የሚነግረው ልኬት ነው።