የማይሸጠው መሬት ገበያ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው ይላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን የእርሻ ማሳ በካሬ ሜትር ዋጋ ይጠራበታል፤ ደላላውም ገበሬውም ግራ አይጋባም። ሕጉ ሽያጩን ከለከለ እንጂ ዋጋውን አላጠፋውም፤ ወደ ጓዳ አስገባው። በጓዳ ገበያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

ጓዳው ብዙ በር አለው። ራሱ አንቀጽ 40 በንዑስ አንቀጽ 7 ሰው በመሬት ላይ የገነባውን እንዲሸጥ ስለሚፈቅድ፣ በውሉ ላይ የሚሸጠው መሬት ሳይሆን የጭቃ ቤት ወይም ባሕር ዛፍ ይሆናል። አንዳንዱ ሽያጩን ስጦታ ይለዋል። ሌላው፣ ሻጩ ነገ ቢክድ ገንዘቡን ማስመለሻ እንዲሆነው የብድር ውል ያጽፋል። ወለድ አገድም አለ፤ ባለዕዳው ብድሩን እስኪመልስ አበዳሪው ማሳውን ያርሳል። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ወለድ አገድን ከሽያጭ ጋር አብሮ ከልክሎት ነበር፤ ገጠሩ ግን እስከ ዛሬ አልተወውም። ብድሩ ሳይመለስ ዓመታት ከተቆጠሩ ደግሞ ከሽያጭ በምን ይለያል?

ዋጋውን ከሚሰቅሉት ነገሮች መንገድና ውሃ ይቀድማሉ። በመራዊ አካባቢ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ የሚደርሰው ማሳ፣ ዝናብ ብቻ ከሚጠብቀው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ዋጋ አይኮናተርም።

የአዊ ዞን ታሪክ ከዚህ ይገርማል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አፈሩ በአሲድ ተጎድቶ እህል አልሰጥ ሲል፣ ገበሬው በ4 ወይም በ5 ዓመት ለከሰል የሚደርሰውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተከለ። ከሰሉ በጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ ተጓዘ፤ ለጤፍ ያልረባው ማሳ ፈላጊው በዛ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ የዝገት በሽታ ገብቶ ዛፉን ያደርቀው ጀመር። የአፈሩ ዓይነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው በላዩ የሚበቅለው ነገር ገበያ ነው። ማሳውን ለረጅም ዓመታት በርካሽ ያከራየ ገበሬ ከሰሉ ሲወደድ ቆሞ ያያል፤ በውድ የተኮናተረው ደግሞ በሽታው ሲገባ ኪሳራውን ይሸከማል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስጋት ነው። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ መሬቱን ከገበሬ የገዙ ነበሩ። ገዢ ይህን ያውቃል፤ ነገ ሊፈርስብኝ ይችላል ብሎ ዛሬ ከዋጋው ይቀንሳል። ቅናሹን የሚከፍለው ሻጩ ነው። ገበሬውም በበኩሉ መንግሥት ሳይወስድብኝ ልሽጠው ይላል። በአዋጅ 1161/2011 ለዘለቄታው የሚነሣ ባለይዞታ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ይህ በቀድሞው አዋጅ 455/1997 እንደነበረው የ5 ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ከማባዛት ይሻላል፤ ስሌቱ ግን አሁንም የሚቆጥረው ምርቱን ነው፤ ማሳው ከተማ ጫፍ በመሆኑ ያገኘውን ዋጋ አይነካም። በሁለት ቅናሽ መካከል የቆመ ገበሬ የደላላውን ቢመርጥ ምን ይፈረድበታል?

መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለው ክርክር ግማሽ ምዕተ ዓመት አስቆጥሯል፤ ይህ ዓምድ ዛሬ አይፈታውም። የአንድ ክፉ ቀን የእህል ዕጦት ገበሬውን ከርስቱ ይነቅለዋል የሚለው ፍርሃት ተረት አይደለም። ኪራይ ግን ሕጋዊ ነው። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ሕጋዊ የሆነው ግብይት እንኳ ዋጋው ተሰውሮ መቅረቱ ነው የማይገባው። በሬ የሌላት ባልቴት ማሳዋን ለእኩል ወይም በኮንትራት ስትሰጥ፣ አጠገቧ ያለው ማሳ በስንት እንደተያዘ የምትሰማው ከተኮናታሪው አፍ ነው።

የኪራይ ውል የሚመዘገበው በወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ ከመዝገባቸው የሰውን ስም አስቀርተው፣ አንድ ጥማድ መስኖና አንድ ጥማድ የዝናብ መሬት በየቀበሌው በስንት እንደተኮናተረ በየዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፉ። አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም።