ቶኪዮን ትተው ሃንጋሪ የገቡት ሰው

“የእኛ ልጆች አሠልጣኝ ምን ያደርግላቸዋል? ሩጫው በደማቸው ነው ያለው፤ ከፍታው ራሱ ያሠለጥናቸዋል።” ይህን ያለው በዚህ ሳምንት አንድ የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራም ላይ የቀረበ እንግዳ ነው። እኔ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ “ልክ ነው!” አለ፤ ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ደገፈው፤ ከኋላ የነበሩ እናትም “የእግዜር ስጦታ ነው እንጂ” ብለው ነገሩን ዘጉት። እኔ ተናድጄ ወረድኩ። ይህን ዓምድ የሚከታተል አንባቢ ለምን እንደተናደድኩ አይጠፋውም። ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ፤ ዛሬም አልታረቅም።

ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ቦሊቪያን የሚችላት አይኖርም ነበር። ላ ፓዝ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባን ከ1,000 ሜትር በላይ ትበልጣታለች። ቦሊቪያ ግን እስከ ዛሬ አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የላትም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ደጋግመንም እናወራዋለን። በአርሲም፣ በሸዋም፣ በጎጃምም ደብተር ይዞ ሲሮጥ ያደገ ልጅ ስፍር ቁጥር የለውም። ከእነዚያ ሁሉ መካከል አንዱን ነጥሎ ያየው፣ መቼ እንደሚሮጥና መቼ እንደሚያርፍ የነገረው ሰው ግን ከወሬያችን ሁልጊዜ ይቀራል። ጠቤ ይኸው ነው።

አሠልጣኝ ምን ይሠራል ለሚል ሰው ማለዳ ተነሥቶ ከየካ አባዶ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር መቆም ይበቃዋል። ሯጮቹ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚወጡት፤ ገሚሱ ወደ እንጦጦ ጫካ፣ ገሚሱ ወደ ሰንዳፋ አስፋልት። በቅርቡ አንድ የሴቶች ቡድን በአጠገቤ አለፈ። አንዷ የሌላዋን እግር እየተከተለች በአንድ መስመር ይሮጣሉ። ከጎናቸው ሚኒባስ አለ፤ አሠልጣኙ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሰዓቱን ይጮህላቸዋል። የመጨረሻዋ ልጅ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ መውጣት ጀምሯል፤ ቀኝ ክንዷም ከጎኗ ራቅ ብሏል። ለእኔ ደህና ነበር የምትሮጠው፤ ከፊቷ ካለችውም አልራቀችም። እሱ ግን ሚኒባሱን አስጠግቶ “ነይ ግቢ፣ ዛሬ ይበቃሻል” አላት።

“ምንም አልሆንኩም እኮ፣ አሠልጣኝ!”

“አውቃለሁ። ግቢ።”

እየተናደደች ገባች። እሱም የቱታዋን ጃኬት አቀበላትና እንደገና አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

“በርቺ” ማለት እኔም እችላለሁ። ገና መሮጥ የምትችለዋን፣ መሮጥም የምትፈልገዋን ልጅ ጉዳት ሳያገኛት ማስቆም ግን ዓይን ይጠይቃል። ያ ዓይን ከእናት ሆድ ይዘውት የሚወለዱት አይደለም፤ ይማሩታል፤ ዓመታትም ይፈጃል።

እዚህ ላይ ነው የብሔራዊ አትሌቲክስ ቡድናችን አሠልጣኝ የነበሩትን ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን የማነሣው። ስማቸውን ደጋግሜ እንደማነሣ አውቃለሁ፤ ሌላው ስለማያነሣው ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በስታዲየም ሰዓት ይዘው የሚቆጡ ሽማግሌ ሆነው ነው። እኔ ግን አእምሮዬ የሚመላለሰው በወጣትነታቸው፣ የ800 እና የ1,500 ሜትር ሯጭ በነበሩበት ጊዜ ላይ ነው። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ከተመረጡት መካከል ነበሩ። ያ ጊዜ ምን ዓይነት ጊዜ እንደነበረ አስቡት። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፤ አገሩ ሁሉ ገና በዚያ ደስታ ውስጥ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ቶኪዮ ላይ ደግሞ ማራቶኑን ደገመው። በዚያ ቡድን ውስጥ ስሙ የተጻፈ ወጣት ሯጭ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል?

ወልደመስቀል ግን የትምህርት ዕድሉን መረጡ። ቶኪዮን ትተው ሃንጋሪ ገቡ።

የገቡባት አገር ቀላል አልነበረችም። ሃንጋሪ በ1947 እና በ1948 ዓ.ም. በመካከለኛና በረዥም ርቀት ዓለምን ያስደነገጠች አገር ናት፤ ሻንዶር ኢሃሮስ የ1,500 እና የ5,000 ሜትርን ጨምሮ የዓለም ክብረ ወሰኖችን በወራት ውስጥ ሰባበረ። ከጀርባው የነበረው አሠልጣኝ ሚሃይ ኢግሎይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሯጭ የዕለቱን ሥራ ሜዳው ላይ ቆሞ የሚሰጥ፣ አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን እየደጋገመ የሚያሠራ ሰው። ኢግሎይ ከሃንጋሪው የ1949 ዓ.ም. ሕዝባዊ አመፅ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በቶኪዮ 5,000 ሜትር ወርቅ የወሰደው አሜሪካዊው ቦብ ሹልም የእሱ ሠልጣኝ ነበር። ወልደመስቀል የሄዱት እንግዲህ ሩጫ እንደ ሙያ ወደሚጠናበት፣ ዛሬ ለምን ይህን ሠራን ለሚለው ጥያቄ መልስ ወደሚሰጥበት አገር ነው። ዶክተር ሆነው ተመለሱ።

የተመለሱትም ለብሔራዊ ቡድናችን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ የማናየው ሰውዬውን ነው። ባርሴሎና ላይ በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ኃይሌ ተከተለ። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ኃይሌ፣ ደራርቱና ሚሊዮን ወልዴ ወርቅ፣ ጌጤ ዋሚ ብርና ነሐስ፣ አሰፋ መዝገቡ ነሐስ ወሰዱ፤ ከትራክ ብቻ 6 ሜዳሊያ። የማራቶኑ የገዛኸኝ አበራ ወርቅና የተስፋዬ ቶላ ነሐስ ሲጨመሩ 8 ሆነ። ቀጥሎ ቀነኒሳ በቀለ፣ መሠረት ደፋርና ጥሩነሽ ዲባባ መጡ።

እስቲ እነዚህን ውድድሮች መለስ ብላችሁ አስታውሱ። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ በ10,000 ሜትር ሩጫ! ደራርቱ ልጅ ወልዳ ተመልሳ፣ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሁሉንም ጥላ ሄደች። ሚሊዮንም እስከ መጨረሻው ዙር ታግሶ ነው የወጣው። ቀነኒሳና ጥሩነሽማ ደወሉ ሲደወል ውድድሩ ያለቀ ያህል ነበር። እኔ ይህን አጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። የ800 እና የ1,500 ሜትር ሯጭ የነበረ ሰው የመጨረሻዋ 400 ሜትር ምን እንደምትጠይቅ በገዛ ሳንባው ያውቃል። ያንን ዕውቀት በትምህርት አጠንክሮ ለረዥም ርቀት ሯጭ ሲሰጠው ውጤቱ ይህ ይሆናል። እንጦጦ ዳገት ጉልበቱን ሰጣቸው እንበል፤ ጉልበቱን ለመጨረሻው ዙር እንዲያስቀምጡት ያስተማራቸው ግን ዳገቱ አይደለም። ባለሙያ የሚለውን ይበል፤ የእኔ እምነት ይኸው ነው።

ዶክተሩ ቁጡ ነበሩ ይባላል። አዎ፣ ነበሩ። ዕውቅ የዓለም ሻምፒዮንና ትናንት የመጣ ጀማሪ አንድ ሰልፍ ውስጥ ገብተው እኩል የሚታዘዙት በለስላሳ ቃል ብቻ አይደለም። አቴንስ ላይ በ1996 ዓ.ም. ቀነኒሳና ስለሺ ስሕን ወደ ኋላ እየተገላመጡ የተጎዳውን ኃይሌን ሲጠብቁት ያየ ሰው፣ ያ ቡድን እንዴት ያለ ቤት ውስጥ እንዳደገ ይገባዋል። ዶክተር ወልደመስቀልን ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሸልሟቸዋል። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት አረፉ። በዚያው ክረምት ሪዮ ላይ ያገኘነው ወርቅ 1 ነው። ቀጥሎ ቶኪዮ ላይ 1፣ ፓሪስ ላይም 1። ከፍታው ግን አልቀነሰም፤ እንጦጦም ከቦታው አልተነቃነቀም። ታክሲ ውስጥ “ልክ ነው!” ላለው ሾፌር መልሴ ይኸው ነው።

ይህንን ሁሉ ሰሞኑን ለአንድ የሰፈሬ ልጅ ነግሬው ነበር። 10ኛ ክፍል ነው፤ ሯጭ ለመሆን ትምህርቴን አቋርጣለሁ ብሎ እናቱን አስጨንቋቸዋል። “ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማል፤ እባክዎ ይምከሩልኝ” ብለው ላኩብኝ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ተቀመጥንና የዶክተሩን ታሪክ አጫወትኩት። ቶኪዮ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

“ታዲያ ኦሊምፒክ ሳይሮጡ ቀሩ?”

“ቀሩ።”

“እኔ ብሆን አላደርገውም።”

“እሳቸው ባያደርጉት፣ አንተ ግድግዳህ ላይ የለጠፍከው ቀነኒሳ ማን እጅ ላይ ይወድቅ ነበር?”

ዝም አለ። አላመነኝም፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ከዚያ ሳላስበው “ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ምን ትሠራላችሁ?” ብዬ ጠየቅኩት።

“ኖት እንጽፋለን።”

“ሜዳ አትወጡም?”

“ሜዳ የለንም፣ ጋሼ።”

ይህን ስሰማ ንዴቴ ከሬዲዮው እንግዳ ላይ ተነሥቶ ወደ ራሳችን ዞረ። ልጁ ከትምህርትና ከሩጫ አንዱን ምረጥ የተባለው እኛ ሁለቱን ስለለያየናቸው ነው። ስለ ማሟሟቂያ ጥቅም ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጦ፣ ሩጫውን ግን ንጋት ላይ ከመኪና ጋር እየተጋፋ በአስፋልት ዳር ይለማመዳል። እንደዚህ ያለው ትምህርት ቤት ምን ብሎ ያስቀረዋል?

በቆጂን እዩ። ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ሁሉም የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። የአራቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲደመር 9 ነው። ብዙ አገሮች በኦሊምፒክ ታሪካቸው ሁሉ ይህን አላገኙም። አርሲ ውስጥ ደጋ የሆነ ከተማ በቆጂ ብቻ ነው? አይደለም። በቆጂ የነበራት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር። ልጆቹን ክፍል ውስጥ አያቸው፣ ሜዳ አወጣቸው፣ ማለዳ ማለዳ ጫካና ዳገት አስሮጣቸው። ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ አላፈሰሰም፤ የልጅ እግር የሚችለውን እያሠራ ለክለብ አደረሳቸው። ዶክተር ወልደመስቀል አዲስ አበባ ላይ የተቀበሏቸው ልጆች እንደዚህ ባሉ መምህራን እጅ ያለፉ ናቸው። አንዱ ሳይኖር ሌላው አይኖርም ነበር።

እኛ የካ ያለን ሰዎች ደግሞ ከማንም በላይ የሚያሳፍረን ነገር አለ። እንጦጦ ከራስጌያችን ነው። መምህራን የሚሠለጥኑበት የኮተቤ ግቢ እዚሁ ደጃችን ነው። ተራራውም መምህሩም ቅርባችን ሆኖ፣ የካ አባዶ ውስጥ በብሎክ እና በብሎክ መካከል ለልጅ የተተወው ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጆቹ ኳስ ሲመቱ የመኪና መስታወት ይሰበራል ብለን የምናባርራቸው እኛው ነን። የማታ ማታ ደግሞ ኦሊምፒክ ሲደርስ ቴሌቪዥን ከበን “ወርቃችን የት ገባ?” እንላለን።

ስለዚህ የምለውን ግልጽ አድርጌ ልበል። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑም ሆነ መንግሥት ከአንድ ኦሊምፒክ ሽልማት ላይ ቀንሶም ቢሆን ወጣት አሠልጣኞችን ለረዥም ትምህርት ይላክ፤ ለሁለት ሳምንት ሥልጠናና ለምስክር ወረቀት አይደለም፤ ዶክተር ወልደመስቀል እንደተማሩት ለዓመታት። ከአሥሩ አንዱ እንኳ እንደ እሳቸው ሆኖ ቢመለስ፣ ያ ሰው ብቻውን ለሁለት ትውልድ ይበቃናል። የስፖርት መምህርም የሰው ክፍለ ጊዜ መሙያ መሆኑ ይቅር፤ እንደ ሒሳብ መምህሩ ይከበር፣ ሜዳም ይሰጠው።

ለየካ አባዶ ወላጆች የማቀርበው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። በሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ርዕሰ መምህሩን “ልጆቻችን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳ የሚወጡት መቼ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እጠይቃለሁ። መልስ እስካገኝም ስብሰባውን ጥዬ አልወጣም፤ እናንተም አትውጡ።