ብርሃንን ከጣሪያ ስለ ማውረድ



የኢየሩሳሌም የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጠባብ ነው። በበጋ ከሐሩር፣ በክረምት ከብርድ ይጠብቃሉ፤ የሚነፍጉት ብርሃንን ነው። ዐይናቸው የደከመ አረጋውያን አባቶች በቀትር መብራት አብርተው ዳዊት ሲደግሙ የሚያይ ምእመን፣ «ከጣሪያ ብርሃን የሚያወርደውን ቱቦ ገዝቼ ላበርክት» ይላል። ለገዛ ቤቱም ምክር የሚጠይቅ አለ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመግዛት በፊት መምረጥ፣ ከመምረጥም በፊት መለካት ይገባል።

መሣሪያው ሦስት ክፍል አለው፤ በጣሪያ ላይ ብርሃን የሚቀበል ብርሃን አሳላፊ ጉልላት፣ ውስጡ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ቱቦ፣ ከታችም ብርሃኑን በክፍሉ የሚበትን ክዳን። አሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ከቅዱስ መቃብሩ በላይ ያለውን ታላቅ ጉልላት ቀና ብሎ ያየ ተሳላሚ፣ ከአናቱ የሚወርድ ብርሃን ምን ያህል ስፍራ እንደሚያበራ ያውቃል።

በቱቦው ውስጥ ብርሃን ከጎን ወደ ጎን እየነጠረ ይወርዳል፤ በነጠረ ቁጥርም ይቀንሳል። ከ100 እጅ 95ቱን የሚመልስ ቱቦ ከ10 ጊዜ ንጥረት በኋላ 60 እጅ ያህል ብቻ ያደርሳል፤ 99ኙን የሚመልስ ግን 90 እጅ ያህል ያደርሳል። ስለዚህ ሻጩን አስቀድማችሁ የምትጠይቁት የቱቦውን ውስጠኛ ገጽ ነው። የሚተጣጠፈው ሽብሽብ ቱቦ ዋጋው ዝቅተኛ፣ መትከሉም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሽብሽቡ ብርሃኑን ስለሚያባክነው ቀጥ ያለውና አጭሩ ይመረጣል።

ስለ ስፋቱም፣ 25 እና 35 ሳንቲሜትር የሆኑት በብዛት ይገኛሉ። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም፣ የሰፊው አፍ ከጠባቡ እጥፍ ያህል ብርሃን ይቀበላል። ለአንድ መነኩሴ በዓት ጠባቡ ይበቃል፤ ለማዕድ ቤት አዳራሽ ሰፊው ይሻላል። በዚህች ከተማ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለችና፣ ጉልላቱ በስተ ደቡብ ረጅም ግንብ በማይጋርደው ስፍራ ይተከል።

ለብርሃን የተከፈተ ቀዳዳ ለዝናብም የተከፈተ ነው። በዚህ አገር ዝናብ የሚመጣው ከብርዱ ጋር ነው፤ ጠፍጣፋ ጣሪያም ውኃ ያቁራል። ስለዚህ የቱቦው አንገት ከጣሪያው ወለል ከፍ ብሎ ዙሪያው በሚገባ ይደፈን። ውኃ የነካው ብራና ይኮማተራል፤ ቀለሙም ይፈስሳል። ብርቱ ብርሃንም በዘመን ብዛት ቀለምን ያደበዝዛልና፣ ክዳኑ ከአትሮንሱ በላይ እንጂ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ በላይ አይሁን።

ጣሪያው የድንጋይ ቅስት ከሆነ ደግሞ አንዱ ድንጋይ ሌላውን ደግፎ የቆመ ነውና መሐንዲስ ሳያየው አይበሳ። በአሮጌው ከተማ ያለ ቤት የቅርስ ጥበቃና የማዘጋጃ ቤት ፈቃድም ይሻል። ፈቃድ በማይገኝበት ስፍራ ግድግዳውን ነጭ ኖራ መቀባት፣ አትሮንሱን ወደ መስኮት ማስጠጋት፣ መልካም የንባብ መብራትም መስጠት ለአረጋዊው ዐይን ታላቅ ርዳታ ነው። ቱቦው ራሱም ነፋስ አያስገባም፤ ሌሊትም መብራትን አይተካም።

እንግዲህ ልታበረክቱ ያሰባችሁ ሁሉ ዕቃውን ተሸክማችሁ ከመምጣታችሁ በፊት የገዳሙን መጋቢ ጠይቁ፤ የጣሪያውን ውፍረትና ዓይነት፣ ብርሃኑ የሚወርድበትን ስፍራም ተረዱ። ይህን ሳያውቁ የተገዛ ቱቦ በዕቃ ቤት ሲቀመጥ፣ አረጋዊው አባት በጨለማው ክፍል ማንበባቸውን ይቀጥላሉ። ተለክቶ የመጣ ስጦታ ግን በዚያው ዓመት ዳዊታቸውን ያበራላቸዋል።